ብሬከሩን አትሳደቢው

አዲሱን ቤት ተከራየሽ አሉ። እሰይ፣ የምትስቂበት ቤት ያድርግልሽ። መጋረጃውን መርጠሻል፣ ምንጣፉን አንጥፈሻል፣ ፎቶውንም ለዘመድ አዝማድ ልከሻል። ከበሩ ጀርባ ያለችውን የብሬከር ሳጥን ግን አንድ ቀን እንኳ ከፍተሽ እንዳላየሻት እኔ ታላቅሽ እምልልሻለሁ። እሱስ ይሁን። የሚያናድደኝ፣ ብሬከሩ በጣለ ቁጥር «ይሄ የተረገመ ዕቃ!» ብለሽ፣ ምጣዱን ሳትነቅዪ፣ መልሰሽ ማንሳትሽ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ውስጥ ነውና ዛሬ እኔ ልናገር፣ አንቺ ስሚ፣ የኔ ቆንጆ። ብልህ እንደሆንሽ አውቃለሁ፤ የሚነግርሽ ሰው ጠፍቶ ነው።

መጀመሪያ ይቺን ያዢልኝ። ቤትሽ ውስጥ ያለው ዘበኛ አንድ አይደለም፤ ብዙ ናቸው፣ የሚጠብቁትም የተለያየ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ሽቦ ነው። ፍሪጅሽን የሚጠብቅ ሌላ አለ። አንቺን ራስሽን የሚጠብቅ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ብዙ ቤት ጭራሽ የለም። «ብሬከር አለን እኮ» ብሎ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ምጣድ የሚነካካ ሰው የሽቦውን ዘበኛ የራሱ አድርጎ ቆጥሮታል። ሒሳቡን እዪው። ባለ 16 ብሬከር እስከ 16 አምፔር ድረስ ዝም ብሎ ያሳልፋል። 16 አምፔር ማለት 16,000 ሚሊአምፔር ነው። የሰውን የልብ ምት ለማዛባት ግን ጥቂት አስር ሚሊአምፔር በደረት በኩል ለአፍታ ካለፈ ይበቃል። አንቺ ተይዘሽ ስትንዘፈዘፊ ብሬከሩ አንዲት ትንሽ አምፖል የተጨመረች ያህል እንኳ አይሰማውም።

የሽቦው ዘበኛ ታሪክ ከፊውዝ ይጀምራል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፣ እንዳትደናገሪ።) በ1847 ሉዊ ብሬጌ የሚባል ፈረንሳዊ፣ የስመ ጥር ሰዓት ሠሪዎች ቤተሰብ ልጅ፣ የቴሌግራፍ ጣቢያዎች በመብረቅ እየተመቱ ሲያስቸግሩ አንድ መላ አመጣ። መግቢያው ላይ ከመስመሩ ቀጠን ያለ ሽቦ ይደረግ አለ። መብረቁ ሲመጣ ቀጭኑ ይቃጠላል፣ ጣቢያው ይተርፋል። ኤዲሰንም ይህንኑ ሐሳብ ለመብራት መስመር አድርጎ በ1880 በስሙ አስመዘገበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ ፐርል ስትሪት ላይ የኃይል ጣቢያውን ሲከፍት ፊውዝ ከሥራው ጋር አብሮ ገባ።

የፊውዝ ጸባይ ግልጽ ነው፤ ይቀልጣል፣ ያልቃል፣ በሌላ ይተካል። ጣጣው የሚመጣው ከሰው ነው። ማታ ነው፣ ሱቅ ተዘግቷል፣ ወጡ አልበሰለም፣ አባወራው ከአሮጌ ገመድ የመዳብ ክር መዝዞ ፊውዙ ላይ ይጠመጥማል። መብራት ይመጣል፣ ልጆች ያጨበጭባሉ፣ ሰውዬው ደረቱን ይነፋል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ግን ቀድሞ የሚቀልጠው ፊውዙ መሆኑ ቀርቶ ከኮርኒሱ በላይ ማንም የማያየው ሽቦ ይሆናል። የምትሄጂበት አሮጌ ቤት የሸክላ ፊውዝ ካለው መጀመሪያ ከፍተሽ ምን እንደተጠመጠመበት እዪ። ዋናው ማጥፊያ ወርዶ፣ በቀን ብርሃን።

ለዚህ ለሰው ጸባይ መላ ያገኘለት ጀርመን አገር፣ ማንሃይም የነበረው ሁጎ ስቶትስ ነው። ድርጅቱን ለብራውን ቦቬሪ ኩባንያ የሸጠ ሰው ነው፤ በ1924 የተመዘገበው የቤት ውስጥ ትንሽ ብሬከር የእሱ ፈጠራ ተብሎ ይጠቀሳል። ብልሃቱን ልንገርሽ፦ ፊውዙ በሚታሰርበት ጥርስ ላይ ተጠምዝዞ እንዲገባ አድርጎ ሠራው። ማንም ግድግዳ መቦርቦር፣ ሳጥን መቀየር አላስፈለገውም፤ ፊውዙን ፈትቶ አውቶማቲኩን ማሰር ብቻ። የሚቀልጥ ነገር ስለሌለው ወፍራም ሽቦ የሚጠመጠምበት ቦታም የለም። እኔ ይሄን ሰውዬ እወደዋለሁ። ሰውን ከመምከር የሚያሳስተውን ነገር ከእጁ መውሰድ እንደሚሻል ገብቶታል። እኔ ግን ምክሬን አልተውም።

ውስጡን ማየት ከፈለግሽ የተበላሸ፣ ከመስመር የወጣ ብሬከር ከኤሌክትሪሺያን ለምኚና ጎኑን በካቻቢቴ ፈልቅቂው። ከመስመር የወጣ ማለቴን አደራ! ሦስት ነገር ታገኚያለሽ። አንዱ ስስ የብረት ምላስ ነው፤ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ የተሠራ፣ ሲሞቅ አንደኛው ከሌላኛው ይበልጥ ስለሚለጠጥ የሚጎብጥ። ጭነት ሲበዛ ቀስ እያለ ይጎብጥና መቆለፊያውን ገፍቶ ይለቀዋል። ሁለተኛው የመዳብ ሽቦ ጥቅል ነው፤ ኮንታክት ሲፈጠር በሚመጣው ድንገተኛ ከረንት ማግኔት ይሆንና መቆለፊያውን በቅጽበት ይመታዋል። ሦስተኛው ጥግ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን የብረት ሉሆች ናቸው። መገናኛው ሲላቀቅ በመሃል እሳት ይዘረጋል። ሙቀቱ በሺህ ዲግሪ የሚቆጠር ነው፣ ዝም ካሉት መዳብ ያቀልጣል። ሉሆቹ ያንን እሳት ከፋፍለው፣ አቀዝቅዘው ያጠፉታል። ኮንታክት ሲሆን ይሄ ሁሉ ሥራ መቶኛ ሴኮንድ ገደማ ቢፈጅ ነው። አንቺ ገና «ምንድነው የጮኸው?» ሳትዪ አልቋል።

ታዲያ አንዳንድ ቤት እንደማየው ማንሻውን በናስትሮ አስረሽ፣ ወይም በጣትሽ ደግፈሽ እንዳይወድቅ ብትይዢው ምን የሚሆን ይመስልሻል? ማንሻው እላይ እንዳለ ውስጡ ይለቃል። ሲሠሩት እንዲያ ብለው ነው የሠሩት፤ እንዳንቺ ዓይነቷን ግትር አስበው። ያተረፍሽው መውደቁን አለማየት ብቻ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ጆሮሽን ስጪኝ። ብሬከር ሲጥል ምን እንዳየ ይነግርሻል፤ ማወቅ ያለብሽ አወዳደቁን ማንበብ ነው። ምጣዱ ተሰክቶ፣ ልብስ እየተተኮሰ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከጣለ የጎበጠው የብረት ምላሱ ነው፤ ጭነት በዝቷል ማለት ነው። ምንም አልተበላሸም፤ አንዱን ንቀዪ፣ ምላሱ እስኪበርድ ትንሽ ታገሺ፣ አንሺው። ባነሳሽው ቅጽበት «ጧ!» ብሎ ከወደቀ ግን የመታው ጥቅሉ ነው፤ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። ያን ጊዜ ደጋግሞ ማንሳት ጀግንነት አይደለም። በዚያ መስመር ያለውን ሁሉ ንቀዪ፣ ማብሪያዎቹን አጥፊ፣ አንዴ ሞክሪው። ከያዘ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየሰካሽ ሂጂ፤ ጥፋተኛው ሲሰካ ራሱ ይናገራል። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ከወደቀ ጉዳዩ ግድግዳው ውስጥ ነውና ባለሙያ ጥሪ። እስኪመጣ ድረስ ያ ብሬከር ወርዶ ይቆይ፤ በሻማ አምሺ፣ ምንም አትሆኚም።

ሒሳቡን ከእኔ አትጠብቂ፣ ራስሽ ትሠሪዋለሽ። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ዋት ለ220 ስታካፍዪ አምፔሩ ይወጣል። የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ቢሆን 16 አምፔር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ካውያው 2,000 ዋት ከሆነ 9 አምፔር። ሁለቱ ሲደመሩ 25፤ ባለ 16 ብሬከር ላይ! እሱን ትሳደቢያለሽ? እንዲያውም ወዲያው ሳይጥል መታገሱ ይገርማል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሽቦ ላይ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ነው። ዲቫይደር ላይ ምጣድ ሰክተሽ ገመዱን በእጅሽ ዳብሰሽው ታውቂያለሽ? ሞቅ ካለ ምጣዱ ከዚያ ዲቫይደር ዛሬውኑ ይውረድ፣ ነገ አልልሽም። ዲቫይደር ለስልክ፣ ለቴሌቪዥን፣ ለመብራት ነው።

«ብሬከሩ እየጣለ አስቸገረን» ስትዪው ባለ 16ቱን አውጥቶ ባለ 32 የሚያስገባልሽ ሠራተኛ ይመጣል። ቀልጣፋ ነው፣ ሥራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም፣ ከዚያም ወዲያ አይጥልም። ይሄንን ሰው ምሳ አብልተሽ ሸኚው እንጂ ሳጥኑን አታስነኪው። ከግድግዳው ውስጥ ያለው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ዘበኛው ነው፤ እሱም እያየ ዝም የሚል። ትክክለኛው ሥራ ለምጣዱ ከሳጥኑ ተነስቶ ለብቻው የሚሄድ ባለ 4 ሽቦ መዘርጋትና ለእሱ የሚመጥን ባለ 20 ወይም ባለ 25 ብሬከር ማድረግ ነው። ወጪ አለው፤ አውቃለሁ፣ አከራይሽ ጆሮ ዳባ ልበስ ይሏል። ለምኚ፣ ተሟገቺ፣ ከኪራዩ ይቀነስ በይ።

ግዢ ስትወጪ ደግሞ የብሬከሩን ፊት አንብቢ፤ ቀለሙን አይደለም። «ሲ 16» የሚል ታያለሽ። 16ቱ አምፔሩ ነው። ፊደሏ ደግሞ ጥቅሉ በስንት እጥፍ እንደሚመታ ትናገራለች፤ «ቢ» ከ3 እስከ 5 እጥፍ፣ «ሲ» ከ5 እስከ 10፣ «ዲ» ከ10 እስከ 20። ሞተር ያለበት ዕቃ ሲነሳ ለአፍታ ብዙ ስለሚስብ «ሲ» ለቤት ደህና ነች፤ «ዲ»ን ለወፍጮ ቤት ተዪላቸው። ከታች በትንሽ አራት ማዕዘን ውስጥ 6000 የሚል ቁጥር ካለ፣ እስከ 6,000 አምፔር የሚደርስ ኮንታክት ሳይፈነዳ ሊያቋርጥ እንደሚችል መናገሩ ነው። ከዚያ በእጅሽ መዝኚው። ያልኩሽ ጥቅልና ሉሆች ክብደት አላቸው፤ ላባ የሆነ ብሬከር ውስጡ ምን እንደጎደለው እግዜር ይወቅ። ባለ ሱቁ ቢያኮርፍም አኩርፎ ይቅር።

ወደ አንቺው ዘበኛ ልምጣ፤ በዚህ ላይ እንዳታቋርጪኝ። ስሙ አርሲዲ ነው፣ ሱቅ ስትሄጂ ኧርዝ ሊኬጅም ይሉታል። አሠራሩ ሲያዩት ቀላል ነው። ወደ ቤት የሚገባው ፌዝና የሚመለሰው ኒውትራል አንድ ላይ በአንዲት የብረት ቀለበት ውስጥ ያልፋሉ። የሄደው ሁሉ ከተመለሰ ሁለቱ ይጣፋሉ፣ ቀለበቷ ምንም አይሰማትም። ከሄደው ላይ ጥቂቱ በአንቺ እጅ ገብቶ፣ በእግርሽ ወጥቶ ወደ መሬት ከሄደ ግን ሒሳቡ ይጎድላል። ጉድለቱ 30 ሚሊአምፔር ሳይሞላ ወይም እንደሞላ መስመሩን ይቆርጠዋል፤ ከሴኮንድ ሲሶ ባነሰ ጊዜ። ይነዝርሻል፣ ትጮኺያለሽ፣ ሠፈሩን ትሰበስቢያለሽ፤ ግን ትተርፊያለሽ።

የዚህ ዕቃ ታሪክ ደስ የሚለኝ ዋናው ሥራ አፍሪካ ውስጥ መሠራቱ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሄንሪ ሩቢን የሚባል መሐንዲስ ነበር። የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶቹ እርጥብ፣ ጨለማና ሽቦ የበዛባቸው ናቸው። በ1955 ለማዕድን የሠራው መሣሪያ ሩብ አምፔር ሲፈስ የሚቆርጥ ነበር፤ ከእሱ በፊት የነበሩት ግን አሥር አምፔር ገደማ ካልፈሰሰ ዓይናቸውን አይገልጡም። ሩብ አምፔርም ሰው ይገድላልና አላረፈም። በ1956 ከ12.5 እስከ 17.5 ሚሊአምፔር ባለው ውስጥ የሚቆርጥ ናሙና አወጣ። ከዚያ ስቲልፎንቴይን በሚባል የማዕድን መንደር አንዲት ሴት ቤቷ ውስጥ ኤሌክትሪክ ይዟት ሞተች። በ1957 እና በ1958 በመንደሩ ቤቶች ውስጥ በ20 ሚሊአምፔር የሚቆርጡ በመቶዎች የሚቆጠሩ መሣሪያዎች ተገጠሙ። ለጉድጓድ የታሰበው ወጥ ቤት ገባ ማለት ነው።

አሜሪካ ደግሞ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ቻርልስ ዳልዚል የሚባል ፕሮፌሰር ነበር። ሰው ምን ያህል ኤሌክትሪክ ሲይዘው የጨበጠውን ሽቦ መልቀቅ ያቅተዋል ብሎ በፈቃደኞች ላይ ለካ። ወንዶቹ በአማካይ 16 ሚሊአምፔር ገደማ ላይ፣ ሴቶቹ 10.5 ላይ። ስለዚህ ሽቦ የያዘው ሰው «ልቀቅ!» ቢባልም የማይለቀው አልሰማ ብሎ አይደለም፤ የራሱ ጡንቻ ጨብጦ ይዞት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ካየሽ በእጅሽ አትጎትቺው፣ ሁለት ትሆናላችሁ። ዋናውን ማጥፊያ አውርጂ። ዳልዚል በ1961 ገደማ በ5 ሚሊአምፔር የሚቆርጠውን መሣሪያ አወጣ፤ አሜሪካ ያለችው አክስትሽ ወጥ ቤት፣ ሶኬቷ ላይ ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ካሉ የዚያ ዘር ናቸው። በምትደውዪላት ጊዜ ቁልፏን ተጭና ትሞክር እንደሆነ ጠይቂያት። አትሞክርም።

አርሲዲ ከገባልሽ በኋላ «ምጣዱን በሰካሁ ቁጥር ይጥላል፣ ይሄ ዕቃ ተበላሽቷል» ብለሽ እንደምትደውዪልኝ ከወዲሁ አውቃለሁ። አልተበላሸም፣ ሆዴ። ምጣዱን ገልብጠሽ እዪው። ከሸክላው ሥር በተቦረቦረ መስመር ውስጥ ጥምዝምዝ ሽቦ ተዘርግቶ ተለስኖበታል። ሊጡ ስንጥቅ አግኝቶ ወደ ሥር ከሰረገ፣ ወይም ክረምቱን ሙሉ ጥግ ቆሞ እርጥበት ከጠጣ፣ ኤሌክትሪኩ በእርጥበቱ አድርጎ ወደ ቆርቆሮው ይወጣል። ያ ነው ዳሩን ስትነኪው «ንዝር» የሚያደርግሽ፤ ያ ነው አርሲዲው የያዘው። ስንት ቤት ነው ይሄንን ንዝረት እንደ ጸባይ ተቀብሎ በነጠላ ጫማ እየተጋገረ የሚኖረው! ነጠላ ጫማ ደረቅ ሲሆን ይረዳል፣ ወጥ ቤት ደግሞ መቼ ደረቅ ሆኖ ያውቃል? ምጣዱን አድርቂ፣ አሠሪው፣ ካልሆነ ቀይሪው። አርሲዲውን ግን አታስነቅዪ።

ኧርዝ የሚባለውንም ሳልነግርሽ አላልፍም። ከሶኬቱ ሦስተኛዋ መስመር ማለት ነው፤ ከዕቃው ቆርቆሮ ተነስታ መሬት ውስጥ እስከተቀበረ ዘንግ ትደርሳለች። ኧርዝ ከሌለ አርሲዲው የሚቆርጠው አንቺ ነክተሽው ሒሳቡ ሲጎድል ነው፤ መሞከሪያዋ አንቺ ነሽ። ኧርዝ ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ቆርቆሮው በወጣበት ደቂቃ በሽቦው ወደ መሬት ይሄዳል፣ አርሲዲው ማንም ሳይነካው ይጥላል። ብዙ ቤት ሶኬቱ ላይ የኧርዝ ምላስ ይታይና ከጀርባው ምንም አልታሰረም። ሶኬቱ አዲስ ነው፣ ያምራል፣ ባዶ ነው። አስፈትሺው። «ከውሃ ቧንቧው ላይ አስሬልሻለሁ» የሚልሽ ካለ ደግሞ እንዲፈታው ንገሪው፤ ቧንቧው ዛሬ ብዙ ቦታ ፕላስቲክ ነው፣ ብረት ቢሆንም የምትታጠቢበት ነው።

ቤይሩትም ይሁን ዱባይ የነበሩ እህቶቻችን ሲመለሱ ሻንጣው ሙሉ ዕቃ ነው። የዱባዩን ስፒና አይተሽዋል? ሦስት ወፋፍራም አራት ማዕዘን እግር ያለው፣ ሲረገጥ ነፍስ የሚያወጣው። የእንግሊዞች ነው፣ ከ1947 ጀምሮ የወጣ። እኛ አገር ሶኬት አልገባ ሲል የመጀመሪያው ሥራ ቆርጦ መጣል ሆኗል። ከመቁረጥሽ በፊት ክፈቺው፤ ውስጡ ትንሽ ፊውዝ አለች፣ 3 ወይም 13 አምፔር ተጽፎባት። የዚያን ዕቃ ገመድ የምትጠብቀው እሷ ናት፤ ስትቆርጪው አብራ ሄደች። ደህና አስማሚ ግዢና ስፒናውን እንዳለ ተዪው። ረዘም ያለው እግርም ለጌጥ አይደለም፤ የኧርዙ ነው፣ ቀድሞ ገብቶ የሁለቱን ቀዳዳዎች መዝጊያ ይከፍታል፤ ሕፃን ሹካ ቢከትበት እንዳይገባ። ያንን ቀዳዳ በእስክሪብቶ ጠንቁለው የሚከፍቱትን አይቻለሁ፤ እንዳትማሪ!

የዚያን ስፒናና ሶኬት መመዘኛ ካወጣው ኮሚቴ ውስጥ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ካሮላይን ሃስሌት ትባላለች፣ የእንግሊዝ ሴት መሐንዲሶችን ማኅበር የመጀመሪያ ጸሐፊ። ለልጆች ደህንነት ስትሟገት የኖረች ሴት ናት። በ1957 ስትሞት አስከሬኗ በኤሌክትሪክ እንዲቃጠል ተናዝዛ ነበር አሉ፤ ተፈጽሞላታል። ፍቅር እንዲህ ነው እንግዲህ።

ፍሪጅሽ፤ አራተኛ ይሁን አምስተኛ ምክር ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጎዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ኮምፕረሰሩ ሲቆም ውስጡ ያለው ግፊት እስኪስተካከል ጥቂት ደቂቃ ይፈልጋል፤ ወዲያው ሲነሳ ተቆልፎ ይግላል። ሁለተኛ፣ ቮልቴጁ። ከፖሉ ላይ የሚመጣው ሦስት ፌዝና አንድ ኒውትራል ነው። በፌዝና በኒውትራል መካከል 220፣ በፌዝና በፌዝ መካከል 380። ኒውትራሉ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ያንቺ ቤትና የጎረቤትሽ ቤት በ380ው ላይ ተንጠልጥላችሁ ትቀራላችሁ፤ አንዱ ቤት አምፖሉ ይደበዝዛል፣ ሌላው ቤት ቴሌቪዥን ይጨሳል። ብሬከር እዚህ ምንም አያደርግም፤ እሱ የሚያየው አምፔር ነው። ለዚህ ያለው ዘበኛ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ነው፤ ቮልቴጁ ከልክ ሲወርድ ወይም ሲወጣ ይቆርጣል፣ ሲስተካከልም ጥቂት ደቂቃ ቆጥሮ ይመልሳል። ስታቢላይዘር ደግሞ ዝቅ ያለውን ከፍ፣ ከፍ ያለውን ዝቅ ያደርጋል፤ መቁረጫ ያለውን ካልገዛሽ ግን ኒውትራል ሲበጠስ ከፍሪጁ ጋር አብሮ ይሞታል። ምጣዱን ስትሰኪ የሳሎኑ አምፖል ከደበዘዘ ያው ጭነት ነው፤ ከደመቀ ግን ኒውትራልሽ ላልቷል። ያን ጊዜ ዋናውን አውርጂና መብራት ኃይል ደውዪ።

ማብሪያ ማጥፊያም ፈጠራ ነው፣ አትናቂው። በ1884 ኒውካስል የነበረው ጆን ሄንሪ ሆምስ ውስጡ ስፕሪንግ ያስገባበት፣ እጅሽ ቀስ ቢልም መገናኛው በፍጥነት እንዲላቀቅና እሳቱ እንዳይቆይ ነው። «ቀጭ» የሚለው እሱ ነው። «ጭርርር» ማለት ከጀመረ፣ ወይም ፊቱ ቡናማ ከሆነ፣ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም፤ አስቀይሪው። የቦይለሩንም ሙቀት መቆጣጠሪያ «ቶሎ ያጠፋብናል» ብለሽ በቀጥታ አታስቀጥዪ። ብቻ እንዲህ ያለውን አንቺ አታደርጊውም።

ሶላር ላስገባ ካልሽ አንዲት ቃል ብቻ። ከፓኔሉ የሚመጣው ዲሲ ነው። የቤታችን ኤሲ በሴኮንድ መቶ ጊዜ ዜሮ ላይ ስለሚያልፍ የብሬከሩ እሳት እዚያ ላይ ይጠፋል፤ ዲሲ ግን ዜሮ የሚባል አያውቅም፣ እሳቱ ተዘርግቶ ይቀራል። የቤት ብሬከር ለሶላር ቢሸጡልሽ አትውሰጂ፤ ዲሲ ተብሎ የተጻፈበትን ጠይቂ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ ሥራውን ለእሱ ትተሽ ወጥ ቤት አትደበቂ። አጠገቡ ቁሚ። እያንዳንዱን ብሬከር እንዲያወርድ አድርጊና የቱ ክፍል እንደጠፋ እያየሽ በፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት፤ «ምጣድ»፣ «መኝታ ቤት»፣ «ቦይለር»። ብሎኖቹን ሁሉ አንዴ እንዲያጠብቅ ንገሪው፤ የላላ ብሎን የሚያሞቀውን ጭነት አያሞቀውም። ኧርዙ እስከ መሬት መድረሱን በመለኪያ ያሳይሽ፣ በአፉ አይደለም። በመጨረሻ አርሲዲው ላይ «ቲ» የምትል ትንሽ ቁልፍ አለች። አንቺው ራስሽ ተጫኛት፤ ቤቱ በሙሉ ድርግም ማለት አለበት። ካላለ ሒሳቡን አትክፈዪው። ካለም በየወሩ አንዴ፣ የቤት ኪራይ በምትከፍዪበት ቀን፣ ደግመሽ ተጫኛት።